ኮቶ ደርዳሪዋ ያለምዘውድ

ያለምዘውድ የአቤሴሎምን ስልክ ካላነሳች አሥራ አንድ ቀን ሆኗታል። ጠዋት ሥራ ስትገባ ይደውላል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ይደውላል፣ ከሥራ ስትወጣም ይደውላል። አንዴም አላነሳችም። ስሙ ስልኳ ላይ በበራ ቁጥር ግን ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር አብሮ ይበራል፤ ጥሪው ሲቋረጥም አብሮ ይጠፋል። ይህን የምታወራለት ሰው አልነበራትም፤ ከአንዲት የሰማንያ ስድስት ዓመት ጃፓናዊት በስተቀር።

ጃፓናዊቷ ወይዘሮ ፉሚኮ ይባላሉ። ሳን ሆዜ ውስጥ፣ ጃፓንታውን በሚባለው ሰፈር፣ ደጃፏ ላይ የሎሚ ዛፍ ባለባት ዝቅ ያለች የእንጨት ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ያለምዘውድ ዲቪ ደርሷት ከደሴ በመጣች በስድስተኛ ወሯ የእሳቸው ኬርጊቨር ሆና ተቀጠረች። ገላቸውን ታጥባቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣቸዋለች፣ አፖይንትመንት ሲኖራቸው ሐኪም ቤት ታደርሳቸዋለች። ከገባች አምስት ዓመት አልፏታል። "እማማ" ነው የምትላቸው። መጀመሪያ ላይ ትርጉሙ ምንድን ነው ብለው ጠይቀዋት ነበር። ከነገረቻቸው ወዲህ በሌላ ስም ብትጠራቸው አይሰሙም።

ወይዘሮ ፉሚኮ አርባ ዓመት ሙሉ ኮቶ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ኮቶ አግድም ተዘርግቶ የሚደረደር፣ ከሰው ቁመት የማያንስ፣ አሥራ ሦስት አውታር ያለው የጃፓኖች የጥንት መሣሪያ ነው። አሁን ቁርጥማት ጣቶቻቸውን ቆልምሟቸዋል፤ መደርደሩን ትተው መቃኘት ብቻ ነው የቀራቸው። ያለምዘውድ በገባች በሁለተኛው ሳምንት ወጥ ቤት ዕቃ እያጠበች ሳለ አሮጊቷ ሳሎን ተቀምጠው አውታሮቹን አንድ በአንድ ሲሞክሩ ሰማች። እጇን ከሳሙናው ሳታወጣ ማንጎራጎር ጀመረች። የኮቶው ቅኝት አምባሰል ነበር። ሳይጎድል ሳይተርፍ የአገሯ የወሎ አምባሰል። ወይዘሮ ፉሚኮ ግድግዳውን ተደግፈው መጥተው በሩ ላይ ቆሙና፣ ይህንን ማን እንዳስተማራት ጠየቋት። ማንም አላስተማረኝም፣ ስሰማው ነው ያደግሁት አለቻቸው። በማግስቱ ከምሳ በኋላ አውታር የሚመታባቸውን ሦስት ሰው ሠራሽ ጥፍሮች በአውራ ጣቷ፣ በሌባ ጣቷና በመሃል ጣቷ ላይ አጠለቁላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት የትምህርት ሰዓት ሆነ። አምስት ዓመት ሙሉ አልተቋረጠም።

አቤሴሎም የመጣው በአራተኛው ዓመት ላይ ነው። የኦክላንድ ልጅ ነው። እናትና አባቱ በሱዳን በኩል በስደት መጥተው እዚያው ወልደው አሳደጉት፤ አባቱ አቶ ክንፉ ታክሲ ሲነዱ ኖረው አርፈዋል። እሱ ኩፐርቲኖ ከተማ ውስጥ የሶፍትዌር ኢንጂነር ነው። ከሥራ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል፤ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አምቢየንት የሚሉትን ሙዚቃ ይሠራል። ከበሮ የለው፣ ጥድፊያ የለው፤ ከባሕር ላይ እንደሚገባ ጭጋግ ቀስ ብሎ ክፍሉን የሚሞላ የኤሌክትሮኒክስ ድምፅ ነው። አንድ ቅዳሜ የኮቶ መምህርነታቸውን ሰምቶ፣ ማይክራፎኖቹን አንጠልጥሎ የወይዘሮ ፉሚኮን በር አንኳኳ። የኮቶ ድምፅ ሪከርድ ማድረግ እፈልጋለሁ አላቸው። አሮጊቷ የተቆለመሙ ጣቶቻቸውን አነሱለት።

"እነዚህ ጡረታ ወጥተዋል። አሁን እጄ እሷ ናት" ብለው ወደ ያለምዘውድ አመለከቱት።

ዞሮ አያት። የአገሩን ልጅ ጃፓን ቤት፣ ኮቶ አጠገብ አገኛለሁ ብሎ አላሰበም ነበር። እሷም አንድ የአበሻ ልጅ እንዲህ አፉን ከፍቶ ሲያያት ልትስቅ ምንም አልቀራት። ሳቋን ውጣ አንገቷን አቀረቀረች። ጉንጯ ግን ነደደ።

መጀመሪያ ላይ አልተስማሙም። የኮቶ ደርዳሪ ቀኝ እጅ አውታሩን ሲመታ ግራ እጅ አውታሩን ተጭኖ ድምፁን ያጎብጠዋል፤ እንደ እንጉርጉሮ ያስለቅሰዋል። በሦስተኛው ቅዳሜ አቤሴሎም የቀዳውን አምጥቶ አሰማት። ያ የጎበጠው ሁሉ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ነበር። የድምፁን ፒች በኮምፒውተር አስተካክዬልሻለሁ አላት፣ ደስ ብሎት። ያለምዘውድ ጥፍሮቿን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ምኑን ነው ያስተካከልከው? እኔ ሆን ብዬ ያለቀስኩበትን ነው ያጠፋኸው" አለችው።

አቤሴሎም ኩፐርቲኖ ውስጥ ሰው ስህተት ብሎ ያሳየውን ሁሉ ሲያርም የኖረ ልጅ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ ሲመጣ አንድም ድምፅ አልነካም ነበር። ያንን ጎባጣውን ድምፅ ወስዶ፣ አርዝሞ፣ አሳስሶ፣ ከራሱ ሥር እንደ ጥላ አነጠፈለት እንጂ። ያለምዘውድ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ማንም ሰው እንደዚያ ሰምቷት አያውቅም። ቀና ስትል ዓይኑ ዓይኗ ላይ ነበር፤ ሁለቱም ማን ቀድሞ ዓይኑን እንደሰበረ አያውቁም።

ፍቅራቸው ዓመት ሊሞላው ሲል እናቱ ቤት ወሰዳት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር፤ እናቱ ወይዘሮ ሀረገወይን እንግዶች ጠርተው ነበር። ሴትየዋ መልካም ሴት ናቸው። አጎረሷት፣ ቤተሰቦቿን ጠየቋት። ሥራዋን ጠይቀዋት ስትነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ቆይቶ አንዲት እንግዳ ይህቺ ቆንጆ ልጅ ማን ናት ብላ አቤሴሎምን ጠየቀችው። አቤሴሎም እናቱን አየና፣ በእንግሊዝኛ፣ በሙዚቃ የምታግዘኝ ልጅ ናት አለ።

ሳህን ለማቀበል ወጥ ቤት ስትገባ ወይዘሮ ሀረገወይን በሩን ገርበብ አደረጉት።

"ልጄ፣ ክፉ አትበይኝ" አሏት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሃያ ሁለት ዓመት ሆቴል ውስጥ የሰው አልጋ አንጥፌያለሁ። ያነጠፍኩት ልጄ እንደኔው አልጋ አንጣፊ እንዲያገባ አይደለም።"

ያለምዘውድ ሳህኑን አስቀምጣ እሺ እማማ አለች። ሌላ ምን ይባላል። በአራተኛው ቀን ስልኳ ላይ አንድ ፖስተር አየች። ሁለቱ ሲለማመዱለት የቆዩት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እሁድ ከሰዓት ኦክላንድ ውስጥ በአንድ አዳራሽ የሚቀርበው ዝግጅት ነው። ኮቶና ኤሌክትሮኒክስ ይላል፤ ከሥሩ የአቤሴሎም ክንፉ ስም ብቻ በትልቁ ተጽፏል። የእሷ ስም አልነበረም። ደጋግማ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠች፤ የሰው ቤት ቁልፍ እንደመለሰ ሰው ባዶ ሆና ተቀመጠች።

ደብዳቤው የመጣው ስልኩን ማንሳት ካቆመች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ፖስታው ወፍራም ነበር፤ ከወረቀቱ ጋር አንዲት ትንሽ ፍላሽ አለችበት። ያለምዘውድ የጽሕፈቱን መልክ ስታይ ደነገጠች። አቤሴሎም አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራልም፤ ሲጽፍ ግን አይታ አታውቅም። የቴክስት መልእክቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ግን በእጅ የተጻፈ አማርኛ ነበር፤ ፊደሎቹ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ መስመሩን የሳቱ። "ቀ" መጻፍ ያለበት ቦታ ሁሉ "ከ" ጽፏል። እንዲህ ይላል፦

"ያለምዘውድ፣

ይህንን ማንም አላረመልኝም። እማዬን ብጠይክ ታርመው ነበር። ስህተቴ በእጄ ይሁን ብዬ ነው።

ፖስተሩን ካንቺ በፊት አየሁት። ስምሽ እንደሌለ አየሁ። እንዲያስተካክሉት ኢሜይል ጻፍኩ፤ ግን አልላኩትም። እማዬ ስምሽን ከስሜ ጋር ስታይ የምትለውን ፈራሁ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እማዬን ፈራሁ። ያን ከን ቤታችን የምታግዘኝ ልጅ ናት ያልኩትም ፈርቼ ነው። ውሸት ነው። አንቺ ድምፁ ነሽ። እኔ ድምፁ የሚያርፍበት ቤት ነኝ።

አሁን ኢሜይሉን ልኬዋለሁ። ስሟ ካልገባ ፕሮግራሙ ይሰረዝ ብያለሁ። ለእማዬም ነግሬያታለሁ። አለከሰች። ካሌን አልመለስኩም።

የከዳሁትን ድምፅሽን በሙሉ ልኬልሻለሁ። ያንቺ ነው። እኔ ጋ ያለውን አጥፍቻለሁ። እሁድ ከሰዓት በሦስት ሰዓት መድረኩ ላይ እሆናለሁ። ካልመጣሽ ለሕዝቡ ዛሬ ሙዚቃ የለም እላለሁ።

ይክርታ። ፍክር ነው።

አቤሴሎም"

"የቀዳሁትን" ለማለት ነው "የከዳሁትን" ብሎ የጻፈው። ያለምዘውድ እዚያች ቃል ላይ ስትደርስ ሳቋ መጣ፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ተቀየረ። ሳያውቀው እውነቱን ጽፎታል።

ወይዘሮ ፉሚኮ ከወንበራቸው ሆነው ሲያዩዋት ቆዩ። ምን እንደሚል አልጠየቋትም። ጽሕፈቱ እንዴት ነው ብቻ አሉ። የሕፃን ልጅ ይመስላል አለቻቸው፣ ዓይኗን እየጠረገች።

"እንግዲያው ራሱ ነው የጻፈው" አሉ አሮጊቷ።

ያለምዘውድ ደብዳቤውን ተረጎመችላቸው፤ ሲያልቅ እሳቸው የራሳቸውን ነገሯት። ሃያ አራት ዓመታቸው ላይ ለአንድ የሳን ሆዜ አትክልተኛ ተድረው ከጃፓን ሲመጡ ይዘውት የመጡት ትልቅ ዕቃ ያ ኮቶ ብቻ ነበር። የባላቸው እናት አብረዋቸው ይኖሩ ነበር። ሠላሳ ዓመት፣ በዚያው ቤት። ኮቶውን ባነሱ ቁጥር አማታቸው ተነሥተው መኝታ ቤት ይገቡና በሩን ይዘጋሉ። አንድ ቀን እንኳን ቁጭ ብለው ሳይሰሟቸው ሞቱ። ባላቸውም አንድ ቀን እንኳን፣ እናቴ በሩን ተይው፣ ሳይሉ ሞቱ። ወይዘሮ ፉሚኮ ይህንን ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ምሬት አልነበረም፤ ዓይናቸው የኮቶው እንጨት ላይ ነበር።

"ይህኛው ለእናቱ ተናግሯል። ሂጂ። እኔም እመጣለሁ" አሏት።

ያለምዘውድ ቀና ብላ አየቻቸው። አራት ዓመት ሙሉ ከሐኪም ቤት በስተቀር ከቤት ወጥተው አያውቁም። ስለ እሷ ብለው ሊወጡ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ለእሷ ብሎ ከመቀመጫው የተነሣላት ሰው ስንት እንደሆነ ለመቁጠር ሞከረች።

እሁድ ኮቶውን በመኪናዋ የኋላ በር አስገብታ፣ የፊቱን ወንበር አስተኝታ፣ ጫፉን እስከ መስታወቱ ድረስ አደረሰችው። ወይዘሮ ፉሚኮ ከኋላ ተቀምጠው አንድ እጃቸውን እንጨቱ ላይ ጣል አደረጉ። ሐር የመሰለ ግራጫ ልብስ ለብሰው ነበር፤ መቶ ጊዜ የታጠፈ ልብስ መሆኑ ከመስመሮቹ ይታያል። ኤይት ኤይቲ የሚባለው ፍሪዌይ ፍሪሞንት ከተማ ላይ በመኪና ተጨናንቆ ቆመ። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ተኩል አለፈ። ያለምዘውድ ደውላ እየመጣሁ ነው ልትለው ስልኳን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው። ይህ በስልክ የሚባል አልነበረም። መሪውን ጨብጣ ስትጸልይ፣ የቆሙት መኪኖች ቀስ በቀስ ተንቀሳቀሱ። ልቧ ግን ከመኪናው ሁሉ ቀድሞ ኦክላንድ ደርሷል።

አዳራሹ በሌክ ሜሪት ሐይቅ አቅራቢያ ያለ፣ ድሮ ቤተ ክርስቲያን የነበረ ሕንፃ ነው። በሩ ጋ ለመድረስ ዘጠኝ ደረጃ አለው። ያለምዘውድ ኮቶውን አቅፋ፣ ወይዘሮ ፉሚኮ ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ ከደረጃው ሥር ቆሙ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማውጣት አትችልም። ሦስት ሰዓት ከአምስት ሆኗል። ቀና ስትል ከላይ በሩ ጋ ወይዘሮ ሀረገወይን ቆመው አየቻቸው። ከቅዳሴ በቀጥታ የመጡ ናቸው፤ ነጠላቸውን አልቀየሩም። ዓይናቸው አብጧል።

ተያዩ። ያለምዘውድ ሰላም ልበል ወይስ ዞሬ ልሂድ እያለች ነበር። ወይዘሮ ሀረገወይን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸረጡና ደረጃውን ወረዱ።

"አንቺ ዕቃሽን ያዢ። እሳቸውን ለእኔ ተዪልኝ" አሏት።

ወይዘሮ ፉሚኮን በክንዳቸው ደገፏቸው፤ አንድ ደረጃ፣ ዕረፍት፣ አንድ ደረጃ፣ ዕረፍት። አይተዋወቁም፤ የሚግባቡበት ቋንቋም የሁለቱም የተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። ያለምዘውድ ከኋላ ሆና ነጠላውንና ግራጫውን ልብስ ጎን ለጎን ሲወጡ ስታይ ፍርሃቷ ለቀቃት። ይቅር ተብያለሁ ብላ አላሰበችም። ብቻ ኮቶውን አጥብቃ አቅፋ ተከተለቻቸው።

ውስጥ ሁለት መቶ ያህል ሰው ተቀምጧል። አቤሴሎም መድረኩ ላይ ብቻውን ማይክራፎኑን ይዞ ቆሟል። ኮምፒውተሩ ተከፍቷል፤ አጠገቡ ለኮቶው የተዘጋጀው ቦታ ባዶ ነው። ሰዉን ይቅርታ ጠይቆ ዛሬ ሙዚቃ አይኖርም ለማለት አፉን ከፍቶ ነበር። ከኋላ በሩ ሲንቋቋ ቀና አለ። ያለምዘውድን አየ፣ እናቱን አየ፣ የእናቱን ክንድ የያዙትን ወይዘሮ ፉሚኮን አየ። ማይክራፎኑን ዝቅ አደረገ።

በመሃለኛው መተላለፊያ ኮቶውን ታቅፋ እስክትመጣ ድረስ ጠበቃት። መሣሪያውን አብረው አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ማይክራፎኑ ተመለሰ። በአማርኛ ነበር የጀመረው። አብዛኛው ሰው እንደማይሰማው ያውቃል፤ እናቱ ግን በቋንቋቸው እንዲሰሙት ፈልጎ ነው።

"ፖስተሩ ላይ ስሟ መጀመሪያ አልነበረም። ጥፋቱ የአዳራሹ አይደለም፣ የእኔ ነው። ያለምዘውድ ትባላለች። ይህንን ሙዚቃ ከእኔ ጋር የሠራችው እሷ ናት። የምወዳትም ሴት እሷ ናት። ይህንን መጀመሪያ እማዬ ቤት መናገር ነበረብኝ።"

ከዚያ ያንኑ በእንግሊዝኛ ደገመው። ያለምዘውድ ጥፍሮቿን እያጠለቀች ነበር፤ ዓይኗ በዕንባ ስለተሞላ አንዱን ጣቷ ላይ ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞከረች።

የመጀመሪያውን አውታር መታች። አቤሴሎም ያንን አንድ ድምፅ ተቀበለው፤ አላጣደፈውም። ረዘመ፣ ሰፋ፣ ግድግዳው ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሁለተኛውን ጨመረች። ቀስ በቀስ አዳራሹ ሞላ፤ ሰው የት ጋ እጇ ቆሞ የት ጋ ማሽኑ እንደጀመረ መለየት አቃተው። ከአሥራ ሦስቱ አውታሮች የወጣው የጥንት ድምፅ ታች እንደ ውኃ ከሚተኛው የኤሌክትሮኒክስ ድምፅ ላይ ተንሳፈፈ። ሰዎች ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንድ ሰውዬ ኮፍያውን አወለቀ።

መሃል ላይ ያለምዘውድ ግራ እጇን ዘርግታ አውታሩን ተጫነችው። ድምፁ ጎበጠ፣ አለቀሰ። አቤሴሎም በዚያች ቅጽበት ሁለት እጆቹን ከማሽኑ ላይ አነሣ። ያ ሁሉ ጭጋግ ተገለጠ፤ እሷ ብቻዋን ቀረች። ልምምዳቸው ላይ ይህ አልነበረም። ደንግጣ አየችው። እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደማንኛውም ሰው እየሰማት ነበር። ቦታውን ሁሉ ለቆላት ነበር። ያኔ ነው የገባት። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ አምስት ዓመት የተማረችውንና ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀውን አንድ ላይ አድርጋ ደረደረችው። ለወይዘሮ ፉሚኮ ዝግ በር፣ ለወይዘሮ ሀረገወይን የሃያ ሁለት ዓመት አልጋዎች፣ በሰው ቤት እሺ ላለችበት ቀን ሁሉ ደረደረችው። ስትጨርስ እሱ ከሥር ቀስ ብሎ ገባ፤ እንደ ሰው ክንድ ከወገቧ ዞሮ ያዛት። አብረው ዝም አሉ።

ከዚያ ሁለት መቶው ሰው አንድ ላይ ከመቀመጫው ተነሣ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሲመታው ያለምዘውድ የአቤሴሎምን እጅ ፈልጋ ያዘች። የስንት ቀን የተጠራቀመ ቁጣ ነበራት፤ ብትፈልገውም አጣችው።

ሕዝቡ ሲበተን ወይዘሮ ሀረገወይን ወደ መድረኩ መጡ። አቤሴሎም ሊናገር ሲል በእጃቸው አስቆሙት።

"ሙዚቃው ሲመታ እሳቸው አጠገብ ነበር የተቀመጥኩት" አሏት ያለምዘውድን። "ጣታቸው ቦርሳቸው ላይ ካንቺ ጋር ሲሄድ አየሁ። ከዚያ እጃቸውን አየሁት። ጥፍራቸው ተከርክሟል፣ ቆዳቸው ቅባት ጠግቧል፣ ከታጠፉት ጣቶች መሃል እንኳን እድፍ የለም። ልጄ፣ እኔ ሥራ አውቃለሁ። ታይቶ የሚመሰገን ሥራ አለ፤ ማንም ሳያየው የሚሠራ አለ። የኔንም ማንም አላየልኝም። ያንቺን አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። በደልኩሽ።"

ያለምዘውድ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ትከሻዋን ይዘው አቀኗትና አንገቷን ሳሟት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው እንደ እናት ወደ ጉዳዩ ገቡ። ሽማግሌ የምንልከው ለማን ነው፣ አባትሽ የት ናቸው አሏት። አባቷ እንደሞቱ ነገረቻቸው። እናቷ ደሴ ናቸው፤ በስልክ ይመርቃሉ። እዚህ አገር ግን ዘመድ የላትም።

ዞር ብላ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡትን ወይዘሮ ፉሚኮን አየች።

"እዚህ ያሉኝ እሳቸው ናቸው" አለች። ይህን ስትል ብቻዋን እንዳልሆነች ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ አመነችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በአንድ ፀሐያማ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከኦክላንድ የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች የጃፓንታውኗን ቤት አንኳኩ። መሪያቸው የቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር አቶ ተስፋጽዮን ነበሩ። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ በቤቱ ደንብ መሠረት ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በካልሲ ገቡ። አቤሴሎም በወጉ መሠረት አብሮ መግባት ስለማይችል ሁለት መንገድ ተሻግሮ መኪና ውስጥ ይጠብቃል። ወይዘሮ ፉሚኮ ያንኑ ግራጫ ልብሳቸውን ለብሰው ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

አንድ ነገር ግን ማንም አላሰበበትም ነበር። አቶ ተስፋጽዮን የሽምግልና ቃል በእንግሊዝኛ አይነገርም ብለው አቋም ያዙ። የሚያስተረጉም ሰው ደግሞ ከያለምዘውድ በስተቀር የለም። ስለዚህ በሌላ ቤት ሙሽራ ጓዳ ተሸሽጋ በር ላይ ጆሮዋን በምትለጥፍበት ሰዓት፣ እሷ ሳሎን መሃል ቆማ የራሷን ሽምግልና ማስተርጎም ግድ ሆነባት።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል። መልስ እስክናገኝ አንቀመጥም" አሉ አቶ ተስፋጽዮን።

ያለምዘውድ ወደ ምንጣፉ እያየች ተረጎመችው። ወይዘሮ ፉሚኮ አሰብ አደረጉ። ከዚያ ሦስቱንም በየተራ ጠየቋቸው፦ ልጁ ኮቶውን በቤቱ ውስጥ ያስደረድራታል ወይ? እናቱ በር ሳይዘጉ ይሰሟታል ወይ? ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በዕድሜያቸው አልገጠማቸውም። አቶ ተስፋጽዮን በቤተ ክርስቲያኑ ስም ቃል ገቡ።

እንግዲያው በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመለሱ በያቸው አሉ ወይዘሮ ፉሚኮ። ያለምዘውድ ስትነግራቸው የሽማግሌዎቹ ፊት በደስታ በራ። በመጀመሪያው ቀን እሺ የማይል፣ ወግ የሚያውቅ ቤት ነው ማለት ነው። እጅ ነስተው ወደ በሩ ዞሩ። አንደኛው ጫማቸውን ለማሰር ጎንበስ ብለው ነበር።

"ቆይ" አሉ ወይዘሮ ፉሚኮ። "ሰማንያ ስድስት ዓመቴ ነው። ለእኔ አንድ ሳምንት ብዙ ነው። አስቤ ጨርሻለሁ በያቸው። እሺ ብያለሁ።"

ያለምዘውድ መተርጎሟን ረስታ ወደ ወይዘሮ ፉሚኮ ዞረች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከነካልሲያቸው ቆመው ዓይን ዓይኗን ያያሉ። አቶ ተስፋጽዮን ምን አሉ ልጄ ብለው ጠየቋት።

"እሺ... እሺ ብለዋል" አለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ።

እልልታ የሚያሰማ ሴት ስላልነበረ ሦስቱ ወንዶች አጨበጨቡ። ከዚያ አቶ ተስፋጽዮን ወጉ አንድ ነገር እንደቀረው ትዝ አላቸውና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጅቱስ ምን ትላለች አሉ።

ይህኛው መተርጎም አላስፈለገውም። ያለምዘውድ ዓይኗን ከምንጣፉ አነሣች። ሙሽራ በዚህ ሰዓት አንገቷን እንደምትደፋ ታውቃለች፤ እሷ ግን ሦስቱንም ፊት ለፊት አየቻቸው።

"ልጅቱም እሺ ብላለች" አለች።

ሽማግሌዎቹ እያመሰገኑ በየወንበሩ ተቀመጡ። እሷ ብቻ ቆማ ቀረች፤ ደስታዋ መቀመጥ አልፈቀደላትም።